በክሊራንስ ቅጽ ላይ የሌለው ንብረት

አንድ ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ ወይም ጡረታ ሲወጣ የክሊራንስ ቅጽ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ንብረት ክፍል ላፕቶፑንና ቁልፉን መመለሱን አይቶ ይፈርማል፤ ፋይናንስ ያልተወራረደ ሒሳብ እንደሌለበት አረጋግጦ ይፈርማል፤ ቤተ መጻሕፍቱም፣ መዝገብ ቤቱም፣ ስምሪት ክፍሉም እንዲሁ። የመጨረሻው ማኅተም ሲያርፍ ሠራተኛው ከዕዳ ነጻ ይወጣል፤ መሥሪያ ቤቱም ንብረቱን ሁሉ እንደተረከበ ያምናል። በሃያ ዓመት ሥራ በሰውየው ጭንቅላትና እጅ የተጠራቀመው ነገር ግን በቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ምን ዓይነት ድምፅ ካሰማ ወዲያው ማጥፋት እንደሚሻል፣ የትኛው ደንበኛ በስልክ ሳይሆን በአካል መነጋገር እንደሚፈልግ፣ ከአሥር ዓመት በፊት የተፈረመው ውል ለምን እንዲያ ተብሎ እንደተጻፈ፣ ይህን የሚጠይቅም የሚረከብም የለም።

የዚህ ቸልታ ዋጋ ተበታትኖ፣ ቀስ እያለ ስለሚከፈል በሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም። እዚህ አንድ ሳምንት የዘገየ ጥገና፣ እዚያ ሁለተኛ ጊዜ የተሠራ ስህተት ሆኖ ያልፋል። አልፎ አልፎ ግን በአንድ ቦታ ተሰብስቦ በገንዘብ ሊቆጠር ይችላል። በአሜሪካ የኑክሌር መሣሪያ ተቋማት የደረሰው ነገር ከሁሉም ይበልጥ ግልጽ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጠፋው አሠራር

ፎግባንክ የሚባለው ቁስ፣ ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ በሚተኮሱ ሚሳይሎች ላይ ለሚገጠመው ደብሊው 76 የተባለ የኑክሌር አረር ያስፈልጋል። ከምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ ምስጢር ነው። ቴነሲ ግዛት ውስጥ በኦክ ሪጅ ከ1975 እስከ 1989 ሲመረት ቆይቶ ምርቱ ቆመ፤ የሚመረትበት ሕንጻ ተዘጋ፤ ሠራተኞቹም ተበታተኑ። ከአሥር ዓመት በኋላ ያረጁትን አረሮች አድሶ ዕድሜያቸውን ለማራዘም ሲወሰን ፎግባንክ እንደገና ተፈለገ። ያን ጊዜ ነው ተቋሙ ይህን ቁስ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው እንደሌለው የተረዳው።

የአሜሪካ መንግሥት የተጠያቂነት ቢሮ በማርች 2009 ባወጣው ሪፖርት ምክንያቱን በሁለት ነጥብ አስቀመጠው። በ1980ዎቹ ቁሱ ሲመረት ስለ አሠራሩ የተያዘው መዝገብ ጥቂት ነበር፤ አሠራሩን የሚያውቁት ሠራተኞች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጡረታ ወጥተዋል ወይም ለቀዋል። የምርቱን ችግር ለመፍታት 69 ሚሊዮን ዶላር ወጣ።

ከገንዘቡ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የችግሩ ምንጭ ነው። መሐንዲሶቹ ያለውን መዝገብ ሰብስበው፣ አዲስ ሕንጻ ሠርተው ምርቱን ሲጀምሩ የወጣው ቁስ እንደ ድሮው ሊሆን አልቻለም። ደጋግመው ከመረመሩ በኋላ እንደተረዱት፣ ድሮ ለምርቱ የሚገባው ጥሬ ዕቃ ውስጥ አንድ ባዕድ ቅንጣት ነበር፤ ፎግባንክን ፎግባንክ ያደረገው እሱ ነው። አዲሱ የማጣሪያ ዘዴ ከድሮው የተሻለ ስለነበር ያንን ቅንጣት አጥቦ አስወገደው። የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ይህን ደብቀው አልነበረም፤ እነሱም የቅንጣቱን ሚና አያውቁትም ነበር። አሠራራቸው ያውቀው የነበረውን እነሱ በቃል ሊናገሩት አይችሉም ነበር።

በጽሑፍ ብቻ ያልተሠራው ሌዘር

ይህ የምስጢር ተቋማት ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላው መሥሪያ ቤት በሰላም ይተኛ ነበር። ነገር ግን ግኝቱን ለዓለም በሚያሳትመው የሳይንስ ዓለምም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እንግሊዛዊው ሶሺዮሎጂስት ሃሪ ኮሊንስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በብሪታንያ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ቲኢኤ የሚባለውን አዲስ የጋዝ ሌዘር ለመሥራት ሲጣጣሩ ተከታተላቸው። ሌዘሩ መጀመሪያ የተሠራው ካናዳ ውስጥ ነው፤ አሠራሩም በሳይንስ መጽሔቶች ላይ ታትሟል። የፈለገ ሁሉ አንብቦ ሊሠራው የሚችል ይመስል ነበር።

ኮሊንስ በ1974 ያሳተመው ውጤት ግን ሌላ ነው። ጽሑፍ ብቻ ይዞ ሌዘሩን ማሠራት የቻለ አንድም ቤተ ሙከራ አላገኘም። የተሳካላቸው ሁሉ ሌዘሩን ሠርቶ ከሚያውቅ ሰው ጋር በግል የተገናኙ፣ የጎበኙ፣ ደውለው የጠየቁ ነበሩ። ከኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያው ወደ ኤሌክትሮዱ የሚሄደው ሽቦ አጭር መሆን ነበረበት፤ ይህ ግን በታተሙት ጽሑፎች ውስጥ አልነበረም። የሚሠራ ሌዘር ዓይቶ የዕቃዎቹን አቀማመጥ እንዳለ የቀዳ ሰው፣ ሳያውቀው ሽቦውን አሳጠረ። ሥዕሉን ብቻ የተከተለው ደግሞ ለምን እንዳልሠራለት ሳይገባው ቀረ።

ቡዳፔስት ተወልዶ ከኬሚስትነት ወደ ፍልስፍና የተሻገረው ማይክል ፖላኒ በ1966 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ የሰው ልጅ በቃል ሊያስረዳ ከሚችለው በላይ እንደሚያውቅ ተከራክሯል። የፊት ገጽታን ከሺህ ሰው መካከል መለየት የሚችል ሰው በምን እንደለየው አስረዳ ቢባል ይቸገራል። ልምድ ያላት አዋላጅ፣ የብዙ ዓመት ብየዳ ሠራተኛ፣ አበዳሪ ባንክ ውስጥ የተቀመጠ የብድር ባለሙያ፣ እነዚህ ሁሉ ማመልከቻውን ወይም ብረቱን ወይም እናቲቱን ባዩ ጊዜ የሚያውቁትን ነገር ወረቀት ላይ አስፍሩ ቢባሉ ግማሹ እጃቸው ላይ ይቀራል።

ይህ ማለት ግን ያልተጻፈ እውቀት ከቶ ሊወጣ አይችልም ማለት አይደለም። በ1985 የኦሳካው ማትሱሺታ ኤሌክትሪክ፣ በኋላ ፓናሶኒክ የተባለው ኩባንያ፣ ቤት ውስጥ ዳቦ አቡክቶ የሚጋግር ማሽን ለመሥራት እየጣረ ነበር። ዳቦው ከውጭ ያራል፣ ከውስጥ ግን አይበስልም። መሐንዲሶቹ ማሽኑ ያቦካውንና ባለሙያ ያቦካውን ሊጥ በራጅ አንስተው አነጻጸሩ፤ የረባ ነገር አላገኙም። በመጨረሻ ኢኩኮ ታናካ የተባለች የሶፍትዌር ባለሙያ በዳቦው ጥራት ወደሚታወቀው ኦሳካ ኢንተርናሽናል ሆቴል ሄዳ ከዋናው ዳቦ ጋጋሪ ጎን ቆማ ማቡካት ተማረች። ሰውየው ሊጡን የሚስብበት የራሱ የሆነ መንገድ እንዳለው አስተዋለች። ከመሐንዲሶቹ ጋር ለአንድ ዓመት ያህል ከሞከሩ በኋላ የማሽኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ልዩ ሽንተረሮች ገጠሙለት፤ ማሽኑም እንደ ጋጋሪው አቦካ። ይህን ታሪክ ለዓለም ያስተዋወቀው ጃፓናዊው የማኔጅመንት ምሁር ኢኩጂሮ ኖናካ ነው። እውቀቱ ከጋጋሪው እጅ ወጥቶ ማሽን ውስጥ የገባው ቅጽ ተሞልቶ ሳይሆን አንዲት ሴት ሄዳ አጠገቡ ሠርታ ነው።

አለቃው ሊያየው የማይችለው ሥራ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የነበረው የማኔጅመንት ትምህርት ለዚህ ዓይነቱ ነገር አልተዘጋጀም። ፍሬድሪክ ቴይለር በ1911 ያሳተመው መጽሐፍ ማሰብን ከመሥራት ለየ። መሐንዲሱ በሰዓት መቁጠሪያ ለክቶ የተሻለውን አሠራር ይወስናል፤ ሠራተኛው የታዘዘውን ይፈጽማል። አካፋ ለሚያነሳና ብረት ለሚሸከም ሰው ይህ በእርግጥ ምርትን አብዝቷል።

ቪየና ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ፒተር ድራከር ግን በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ሌላ ዓይነት ሠራተኛ እየመጣ መሆኑን አስታወቀ፤ የእውቀት ሠራተኛ ብሎም ጠራው። የሒሳብ ባለሙያ፣ መሐንዲስ፣ ነርስ፣ ፕሮግራም ጸሐፊ፣ የሕግ አማካሪ፣ ተመራማሪ፣ እነዚህ ሰዎች የሥራ መሣሪያቸውን ይዘውት ይመጣሉ፣ ማታም ይዘውት ይሄዳሉ። አለቃው በመስኮት ሲያያቸው ቁጭ ብለዋል፤ እያሰቡ ይሁን እያረፉ ሊያውቅ አይችልም። ብዙ ጊዜ ስለ ሥራቸው ከእሱ የበለጠ ያውቃሉ፤ ካላወቁማ ለምን ይቀጠራሉ?

ድራከር በ1999፣ ወደ ዘጠና ዓመቱ ተጠግቶ ባሳተመው ጽሑፍ፣ የእውቀት ሠራተኛን ውጤታማ ለማድረግ የሚያስፈልጉ ስድስት ነገሮችን ዘርዝሯል። ሥራው በትክክል ምን እንደሆነ መጠየቅ፣ ሠራተኛው ራሱን እንዲመራ መፍቀድ፣ አዲስ ነገር መፍጠርን የሥራው አካል ማድረግ፣ ያለማቋረጥ መማርና ማስተማር፣ ከብዛት ይልቅ ጥራትን መለካት፣ ሰውየውን እንደ ወጪ ሳይሆን እንደ ሀብት መቁጠር። የመጀመሪያው ቀላል ይመስላል፤ ግን እጅግ የተዘነጋው እሱ ነው። አንዲት ነርስ የፈረቃዋን ግማሽ ቅጽ በመሙላት ካሳለፈች ሥራዋ ምን እንደሆነ የጠየቃት ሰው የለም ማለት ነው። በመመሪያ የማይገደድ ነገርም አለ፤ ማንም ሰው የሚያውቀውን ሁሉ እንዲናገር ሊታዘዝ አይችልም። እውቀት የሚሰጠው በፈቃድ ነው፤ ፈቃድ ደግሞ ከመከበርና ከመተማመን ይወለዳል።

የፎቶ ኮፒ ጠጋኞች ቁርስ

ሰዎች በፈቃዳቸው ሲሰጣጡ ምን እንደሚመስል በቅርብ ካዩት አንዱ አንትሮፖሎጂስቱ ጁሊያን ኦር ነው። በ1980ዎቹ በዜሮክስ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ሲሠራ፣ አንትሮፖሎጂስት የሩቅ ማኅበረሰብን በሚያጠናበት መንገድ የኩባንያውን የፎቶ ኮፒ ጠጋኞች አጠና። አብሯቸው ደንበኞች ዘንድ ሄደ፤ አብሯቸው በላ፤ ወሬያቸውን አዳመጠ።

ኩባንያው ስለ ጠጋኞቹ ሥራ የነበረው ግምት ቀላል ነው። ማሽኑ ሲበላሽ የስህተት ቁጥር ያሳያል፤ ጠጋኙ ቁጥሩን በመመሪያው መጽሐፍ ይፈልጋል፤ መጽሐፉ ደረጃ በደረጃ ይመራዋል። ኦር ያየው ግን የተለየ ነበር። ማሽኖቹ እንደ አቧራው፣ እንደ ሙቀቱ፣ እንደ ወረቀቱ ዓይነት፣ እንደ ተጠቃሚው ጠባይ ይለያያሉ። መመሪያው ያላሰበው ብልሽት በየቀኑ ይከሰታል። አንድ ጊዜ አንድ ጠጋኝ በተበላሸ ቁጥር ሌላ ስህተት የሚያሳይ ማሽን ገጠመው፤ መጽሐፉ የሚለውን ሁሉ ቢያደርግም አልሆነም። ልዩ ባለሙያ አስጠራ፤ እሱም አላወቀውም። ሁለቱም ማሽኑን እየሞከሩ፣ እያንዳንዳቸው ከዚህ በፊት የገጠማቸውን እያወሩ፣ የአንዱ ታሪክ የሌላውን እያስታወሰ ቆዩ። በመጨረሻ ምክንያቱን ያገኙት ከወሬው ውስጥ ነው።

ጠጋኞቹ ጠዋት ጠዋት ወደ ደንበኛ ከመሄዳቸው በፊት ተሰብስበው ቁርስ ይበሉ ነበር። ጨዋታቸው ያው ስለ ማሽን ነው። እገሌ ቢሮ ያለው ማሽን ምን አደረገኝ፣ እኔ እንዲህ አድርጌ ዳንኩ። ከላይ የሚያይ ኃላፊ ይህን የባከነ ሰዓት ብሎ ሊቆርጠው ይችላል። ኦር ግን የኩባንያው የጥገና እውቀት በየቀኑ የሚታደሰው እዚያ ገበታ ላይ መሆኑን በ1996 ባሳተመው መጽሐፉ አሳየ። በአገራችን መሥሪያ ቤቶችም በሻይ ሰዓት ከሚወራው ውስጥ ስንት የሥራ ችግር እንደሚፈታ የሠራበት ሁሉ ያውቀዋል።

የዜሮክስ ተመራማሪዎች ቀጥሎ ያነሱት ጥያቄ ብልህ ነበር፦ በአንድ ከተማ ቁርስ ላይ የተነገረው በሌላ አገር ያለው ጠጋኝ ዘንድ እንዴት ይደርሳል? በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፈረንሳይ ውስጥ ዩሬካ የተባለ የመረጃ ቋት ተጀመረ። ምን እንደሚገባበት የሚወስኑት ጠጋኞቹ ራሳቸው ነበሩ። አንዱ ያገኘውን መላ ይጽፋል፤ ሌሎች ልምድ ያላቸው ጠጋኞች ይፈትሹታል፤ የሚረባ ሆኖ ሲገኝ ከጸሐፊው ስም ጋር ለሁሉም ይለቀቃል። ለእያንዳንዱ መላ ገንዘብ ይከፈል የሚለው ሐሳብ ተቀባይነት አላገኘም፤ ክፍያ ቢኖር ሰው ጥራትን ትቶ ብዛት ላይ ይሮጣል የሚል ስጋት ነበር። የጠጋኙ ዋጋ በጓዶቹ ዘንድ የሚያገኘው ክብር ሆነ።

ውጤቱ ብራዚል ድረስ ሄደ። እዚያ ያለ ጠጋኝ 40,000 ዶላር ገደማ የሚያወጣ የቀለም ማሽን በአዲስ ሊተካ ሲል ዩሬካ ላይ የሞንትሪያል ጠጋኝ ያስቀመጠውን መላ አገኘ። የተበላሸው ከአንድ ዶላር በታች የሚያወጣ ትንሽ ዕቃ ነበር። ኩባንያው በዩሬካ በጠቅላላው 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዳተረፈ ተገምቷል። በዚያው ዘመን ብዙ ድርጅቶች ውድ ሶፍትዌር ገዝተው ሠራተኞቻቸውን የምታውቁትን ጻፉ ብለው አዘዋል፤ ብዙዎቹ ቋቶች ማንም የማያነባቸው የሰነድ መጋዘን ሆነው ቀሩ። ዩሬካ የዳነው ከላይ ያልተጫነ ስለነበር ነው። ቀድሞ የነበረ የመተማመን ማኅበር ነበር፤ ኮምፒውተሩ የማኅበሩን ድምፅ ሩቅ አደረሰለት።

ከአብራሪው ጎን ያለው ወንበር

ጠጋኞቹ የሚሰጣጡት እኩል ከእኩል ነው። እውቀት በአንድ ወገን ብቻ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ዝግጅት ይጠይቃል፤ ለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው።

አየር መንገዱ በ1945 መጨረሻ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትና ቲደብሊውኤ በተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ስምምነት ተቋቋመ። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ አድርጎ ካይሮ ገባ። አብራሪዎቹ፣ ዋና ዋናዎቹ የጥገና ባለሙያዎችና ሥራ አስኪያጁ አሜሪካውያን ነበሩ። ዓላማው ግን ከመነሻው ሥራው በኢትዮጵያውያን እጅ እንዲገባ ነበር።

ይህ በአንድ ጊዜ ስልጠና የሚሆን አልነበረም። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን ካፒቴን የሆኑት በ1957፣ ከመጀመሪያው በረራ 11 ዓመት በኋላ ነው። የአየር መንገዱን ሥራ አስኪያጅነት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ኮሎኔል ሰምረት መድኃኔ የተረከቡት ደግሞ በ1971 ነበር። ከመጀመሪያው በረራ እስከዚያ ያለው ሩብ ክፍለ ዘመን የመሸጋገሪያ ዘመን ሆነ።

አቪዬሽን እውቀት የማስተላለፍን ሥራ ለዕድል አይተወውም። ረዳት አብራሪው ከካፒቴኑ ጎን ይቀመጣል፤ ያው መሪ፣ ያው መሣሪያ፣ ያው የአየር ጠባይ ከፊቱ ነው። የበረራ ሰዓቱ አንድ በአንድ ይመዘገባል፤ በየጊዜው ፈታኝ አብራሪ አጠገቡ ተቀምጦ ይመዝነዋል። የጥገና ባለሙያም ፈቃድ እስኪያገኝ በሌላ ባለሙያ ፊት ይሠራል፤ አውሮፕላን ለበረራ ብቁ ነው ብሎ የሚፈርመው ከዚያ በኋላ ነው። በክረምት ጉም ውስጥ በተራራ መካከል ማረፍ በመጽሐፍ ይጀመራል፤ የሚያልቀው ግን አጠገብ በተቀመጠ ሰው ትዕግሥት ነው።

ዛሬ አየር መንገዱ በተራው አስተማሪ ነው። አዲስ አበባ ያለው የአቪዬሽን ትምህርት ተቋሙ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ አብራሪዎችንና ቴክኒሻኖችን ያሠለጥናል። መቀመጫውን ሎሜ አድርጎ በጃንዋሪ 2010 መብረር የጀመረው አስካይ አየር መንገድም የኢትዮጵያ አየር መንገድን አጋር አድርጎ ነው የተነሳው። ይህን ከሌላ የተለመደ ነገር ጋር ማነጻጸር ይገባል። በብዙ የአፍሪካ ሆስፒታሎች የሚሠራባቸው ጠፍቶ ጥግ ላይ የቆሙ ውድ የሕክምና መሣሪያዎች አሉ። ሻጩ ገጥሟቸዋል፤ ለጥቂት ቀን አሠልጥኗል፤ ሄዷል። የሠለጠነውም አንድ ሰው ለቅቋል። ከጎን የሚቀመጥበት ወንበር ማንም አላዘጋጀም፤ የግዥው ውልም አልጠየቀም።

ዝምታ የሚያስከፍለው

ወንበሩ ተዘጋጅቶም፣ ቋቱ ተሠርቶም፣ ሰው ካልተናገረ እውቀት አይንቀሳቀስም። ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በሃርቫርድ ተማሪ ሳለች በሁለት ሆስፒታሎች ባሉ ስምንት ክፍሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን አጠናች። በጥሩ ሁኔታ የሚመራ ቡድን ስህተቱ ያንሳል ብላ ጠብቃ ነበር። መረጃው ተቃራኒውን አሳየ፤ የተሻሉት ክፍሎች የበለጠ ስህተት ተመዝግቦባቸዋል። ጠለቅ ብላ ስትመረምር ምክንያቱ ገባት። በተሻሉት ክፍሎች ነርሶቹ ስህተት ሲያዩ በግልጽ ይናገራሉ፣ ይማሩበታልም። በሌሎቹ ቅጣት ስለሚፈራ ስህተቱ ይደበቃል፤ ወረቀቱ ንጹሕ ይመስላል፤ ታካሚው ግን አደጋ ላይ ነው።

በ1999 ባሳተመችው ሌላ ጥናት በአንድ አምራች ኩባንያ ውስጥ 51 ቡድኖችን ተመልክታ፣ ሰው ሳይዋረድ መጠየቅና መሳሳት የሚችልበትን ሁኔታ ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት ብላ ጠራችው፤ የሚማሩት ቡድኖች ይህ ያላቸው ናቸው። ጉግል ከ2012 ጀምሮ ከ180 በላይ ቡድኖቹን ሲያጠና፣ የተዋጣላቸውን ከሌሎቹ የሚለየው የአባላቱ የግል ችሎታ ይሆናል የሚል ግምት ነበር። ከሁሉ በላይ ጎልቶ የወጣው ግን ያው ደኅንነት ሆነ።

ስብሰባ ላይ ጥያቄ ያነሳ ሠራተኛ በግምገማ ጊዜ የሚነሳበት መሥሪያ ቤት፣ ሰው የአለቃ ፊት አይቶ የሚናገርበት ቢሮ፣ ምንም ያህል ባለሙያ ቢቀጥር የሚሰማው ራሱ የሚያውቀውን ብቻ ነው። ይህ በተለይ ታናሽ ታላቁን በሚያከብርበት ባህል ውስጥ የበላዩን ኃላፊነት ያከብደዋል። ታናሹ ቀድሞ አይናገርም፤ ስለዚህ አለቃው እኔ አላውቀውም፣ አንቺ እንዴት አየሽው ብሎ መጀመር አለበት። አንድ ጊዜ እንዲህ ተጠይቃ መልሷ የተከበረላት ወጣት ባለሙያ በሚቀጥለው ጊዜ ሳትጠየቅ ትናገራለች።

ከየት ይጀመር

በ1933 የተቋቋመው የአሜሪካው የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን ግድቦችንና የኑክሌር ጣቢያዎችን የሚያስተዳድር ትልቅ የመብራት ድርጅት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ብዙ ነባር ሠራተኞቹ ወደ ጡረታ እየቀረቡ መሆናቸውን አይቶ አንድ ቀላል ዘዴ አወጣ። ዘዴው በኋላ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በኩል ወደ ሌሎች አገሮች የኑክሌር ተቋማት ተሰራጭቷል።

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሁለት ነጥብ ይሰጣል። የመጀመሪያው ሰውየው መቼ ይወጣል የሚለው ነው፤ በያዝነው ወይም በሚቀጥለው በጀት ዓመት የሚወጣ 5፣ ስድስተኛው ዓመት ላይ ወይም ከዚያ በኋላ የሚወጣ 1 ያገኛል። ሁለተኛው እውቀቱ ምን ያህል ብርቅ ነው የሚል ነው። እሱ ብቻ የሚያውቀው፣ ለድርጅቱ ወሳኝ የሆነ፣ ሌላ ሰው ለማሠልጠን ዓመታት የሚፈጅ ከሆነ 5፤ ከገበያ በቀላሉ የሚገኝ ከሆነ 1። ሁለቱ ይባዛሉ። ከ20 እስከ 25 ያገኘ ቦታ ወዲያው እርምጃ ይፈልጋል፤ ከ16 እስከ 19 ያገኘው ዕቅድ ሊወጣለት ይገባል፤ ከዚያ በታች ያለው በክትትል ይያዛል። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ይከተላል፦ የሚጠፋው ምንድን ነው? ቢጠፋ ምን ይከተላል? ምን ማድረግ ይቻላል?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ነጥብ ማስተካከል ይገባል። እዚህ እውቀት ይዞ የሚወጣው ጡረተኛው ብቻ አይደለም፤ የሠላሳ ዓመቱ ሐኪም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፣ የባንኩ የሶፍትዌር ባለሙያ የተሻለ ደመወዝ ወዳገኘበት ባንክ ይዛወራል። ስለዚህ በጡረታ ዕድሜ ፋንታ የመልቀቅ ዕድል ይገባል፤ ይህን የቅርብ ኃላፊው ከሰው ሀብት ክፍል ይልቅ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ መልስ አለው። አንዳንዱ እውቀት በርግጥ ይጻፋል፤ የማሽኑ ልኬት፣ የአቅራቢዎች ስልክ፣ የውሉ ታሪክ። ሌላው ተተኪው ስድስት ወር ከጎን እንዲሠራ መመደብን ይጠይቃል፤ ነባሩ ባለሙያም በዚያ ጊዜ ማስተማሩ እንደ ሥራ ተቆጥሮ ሌላው ሸክም ይቀነስለታል። አንዳንዴ ጡረተኛው በሳምንት ሁለት ቀን እንዲመጣ በኮንትራት ይቀጠራል። አንዳንዴ ደግሞ ያረጀውን መሣሪያ በአዲስ መተካት ወይም አሠራሩን መለወጥ እውቀቱን ለማቆየት ከመድከም ይረክሳል፤ እንዲጠፋ የሚፈቀድ እውቀትም አለ፣ ተመክሮበት እስከሆነ ድረስ።

ሃያ ሠራተኛ ላለው አንድ ክፍል ይህን ሠንጠረዥ ለመሥራት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። በየበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ነጥቡ እንደገና ይታያል፤ 20 እና ከዚያ በላይ ያገኘው ሰው ስም ፊት ለፊት የተተኪው ስም፣ የጀመረበት ቀንና ብቻውን የሚሠራበት ቀን ይጻፋል። የተተኪው ቦታ ባዶ ከሆነ የክፍሉ ኃላፊ የዚያን ዓመት የመጀመሪያ የቅጥር ጥያቄ የሚያቀርበው ለዚያ መስመር ነው።